የወጣቶች የዓለም ዋንጫና የልደት ቀን ማስረጃ

እ.ኤ.አ በጥቅምት ወር 2025 በቺሊ ዋና ከተማ ሳንቲያጎ በተካሄደው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ የሞሮኮ ቡድን አርጀንቲናን 2 ለ 0 በመርታት ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወስዷል። አርጀንቲና በዚህ ውድድር ታሪክ ስድስት ጊዜ ሻምፒዮን በመሆን ቀዳሚውን ሥፍራ የያዘች አገር ናት። ከሞሮኮ በፊት ዋንጫውን ያነሳች አፍሪካዊት አገር ጋና ብቻ ስትሆን፣ ይህንንም ያሳካችው እ.ኤ.አ በ2009 ግብፅ ላይ ብራዚልን በመለያ ምት አሸንፋ ነው።

የወጣቶች ሻምፒዮና በሜዳው ስፋትም ሆነ በጨዋታው ሕግ ከአዋቂዎቹ የዓለም ዋንጫ አይለይም። ልዩነቱ ዕድሜ ነው። የአንድ ወጣት የመሰለፍ መብት ከችሎታው አስቀድሞ የሚመነጨው በሰነድ ላይ ከሰፈረ የልደት ቀኑ ሲሆን፣ ይህ ሰነድ የሚዘጋጀው ደግሞ በስታዲየም ሳይሆን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። በመሆኑም የውድድሩ ፍትሐዊነት ከአሠልጣኞችና ከዳኞች ባልተናነሰ በመዝጋቢ ሠራተኞች እጅ ላይ የተመሠረተ ነው ማለት ይቻላል።

ሻምፒዮናው በዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበራት ፌዴሬሽን (ፊፋ) አማካይነት የተጀመረው እ.ኤ.አ በ1977 በቱኒዚያ በ16 ቡድኖች ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ዋንጫ የቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ወስዳለች። ከሁለት ዓመት በኋላ በጃፓን በተካሄደው ውድድር ዲያጎ ማራዶና የአርጀንቲናን ቡድን በአምበልነት እየመራ ለድል አብቅቷል። እ.ኤ.አ በ2005 በኔዘርላንድስ ደግሞ ሊዮኔል ሜሲ በኮከብ ተጫዋችነትም ሆነ በኮከብ ግብ አግቢነት ተመርጧል። የተሳታፊ ቡድኖች ቁጥር እ.ኤ.አ በ1997 በማሌዥያ ወደ 24 ያደገ ሲሆን፣ ውድድሩ "ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ" የሚለውን ስያሜ ያገኘው እ.ኤ.አ በ2007 ነው።

አገራችንም በዚህ መድረክ ላይ የራሷ ታሪክ አላት። በመጋቢት ወር 1993 ዓ.ም የአፍሪካ ወጣቶች ሻምፒዮና በኢትዮጵያ አስተናጋጅነት ሲካሄድ አንጎላ በፍጻሜው ጋናን አሸንፋ ሻምፒዮን ሆናለች። ግብፅ ሦስተኛ፣ ኢትዮጵያ ደግሞ አራተኛ ደረጃን ይዘው አራቱም አገሮች በዚያው ዓመት ሰኔ ወር በአርጀንቲና ለተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና አልፈዋል። የኢትዮጵያ ወጣቶች ከኮስታሪካ፣ ከኢኳዶርና ከኔዘርላንድስ ጋር ተመድበው ከምድባቸው ማለፍ ባይችሉም፣ ኢትዮጵያ በዚህ የዓለም ሻምፒዮና የተካፈለችው በዚያ ጊዜ ብቻ በመሆኑ ተሳትፎው ሲታወስ ይኖራል። በዚያው ሻምፒዮና ጋና ለፍጻሜ ስትደርስ ግብፅ የሦስተኛነትን ደረጃ ማግኘቷ ደግሞ የአፍሪካው ማጣሪያ ምን ያህል ብርቱ እንደነበረ ያመለክታል።

በውድድሩ ደንብ መሠረት የዕድሜ ገደቡ የሚሰላው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጥር 1 ቀን ጀምሮ ነው። ለቺሊው ውድድር የተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ ጥር 1 ቀን 2005 እና ከዚያ በኋላ የተወለዱ ወጣቶች ነበሩ። ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1997 ዓ.ም ነው። ስለዚህ በታኅሣሥ 22 የተወለደ ወጣት ከውድድሩ ውጭ ሲሆን፣ በማግሥቱ የተወለደው ግን ይሰለፋል።

እዚህ ላይ የቀን መለወጥ ሥራ ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ባለው ጊዜ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ 8 ዓመት ነው። በዘመነ ዮሐንስ ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል። በኅዳር 1997 ዓ.ም የተወለደ ወጣት እ.ኤ.አ የ2004 ተወላጅ ነው። ሠራተኛው በጥድፊያ 8 ቢደምርበት ግን የ2005 ተወላጅ ሆኖ ይመዘገባልና ያለአግባብ ብቁ ይሆናል። በአንጻሩ በሐምሌ 1997 ዓ.ም በተወለደው ላይ 7 ቢደመርበት ወጣቱ ያለጥፋቱ መብቱን ያጣል። ፓስፖርት የሚሰጠው የልደት ማስረጃን መነሻ በማድረግ በመሆኑ፣ በመጀመሪያው ሰነድ ላይ የገባው ስህተት ወደ ሁለተኛው መሸጋገሩ አይቀርም።

ስህተቱ ሆን ተብሎ ሲፈጸም መዘዙ ከአንድ ተጫዋች አልፎ አገርን ይነካል። ሜክሲኮ ለ1989 የወጣቶች ሻምፒዮና በተደረገው ማጣሪያ ዕድሜያቸው ያለፈ ተጫዋቾችን በማሰለፏ እ.ኤ.አ በ1988 ብሔራዊ ቡድኖቿ በሙሉ ለሁለት ዓመት ታግደዋል። በዚህም ሳቢያ የሴኡል ኦሊምፒክና እ.ኤ.አ በ1990 በኢጣሊያ የተካሄደው የዓለም ዋንጫ አምልጠዋታል። ናይጄሪያም የተጫዋቾቿ የልደት ቀን በተለያዩ ውድድሮች ተለያይቶ በመገኘቱ ለሁለት ዓመት ከወጣቶች ውድድር ከመታገዷም በላይ የ1991ን ሻምፒዮና የማስተናገድ ዕድሏን ተነጥቃለች። ዕድሉ ለፖርቱጋል ተሰጥቶ ሉዊስ ፊጎና ሩዪ ኮስታ የነበሩበት የፖርቱጋል ቡድን በሊዝበን በሕዝቡ ፊት ዋንጫውን አንስቷል።

ለማጭበርበር የሚገፋፋው ምክንያት ግልጽ ነው። በጉርምስና ዘመን የሁለትና የሦስት ዓመት ልዩነት በጉልበት፣ በፍጥነትና በቁመት ጎልቶ ይታያል። ይሁን እንጂ በዚህ ብልጫ የተገኘ ድል ዕድሜ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። ጎልማሳው የያዘው ቦታ ደግሞ ለትክክለኛው ታዳጊ ይገባ የነበረ በመሆኑ፣ ተተኪ ለማፍራት የተዘጋጀው ውድድር ተተኪን የሚያሳጣ ይሆናል።

የሕክምናው ሙያ ለችግሩ ከፊል መፍትሔ አስገኝቷል። ፊፋ እ.ኤ.አ በ2009 በናይጄሪያ በተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ ኤም አር አይ በተባለው መሣሪያ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ አስመርምሯል። ምርመራው የአንጓው አጥንት የዕድገት ክፍል ሙሉ በሙሉ መጋጠም አለመጋጠሙን የሚያሳይ ሲሆን፣ ይህ ክፍል ከ17 ዓመት በፊት ሙሉ በሙሉ መጋጠሙ እጅግ አልፎ አልፎ የሚታይ ነው። ነገር ግን 17 ዓመት አልፏቸው አጥንታቸው ገና ያልገጠመ ብዙ ወጣቶች ስላሉ፣ ምርመራውን ማለፍ በራሱ የዕድሜ ማረጋገጫ አይሆንም። ከ20 ዓመት በታች ለሆነው ውድድር ደግሞ ይህ ዘዴ አያገለግልም። ስለሆነም መሣሪያው ሰነድን ያግዛል እንጂ አይተካም።

በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ማንኛውም ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በነሐሴ 2008 ዓ.ም ነው። በዚያ ወር የተወለደና በጊዜው የተመዘገበ ሕፃን 17 ዓመት የሚሞላው በነሐሴ 2025 ዓ.ም ነው። ከእርሱ በፊት ለተወለዱት ብዙዎች የልደት ቀናቸው የሚታወቀው በወላጅ ትውስታ፣ በክርስትና ወይም በክትባት ካርድ፣ አለዚያም በትምህርት ቤት መዝገብ በመሆኑ፣ ዘግይቶ የሚሰጥ ማስረጃ ተጨማሪ ማጣራት ይፈልጋል።

ከዚህ አኳያ የቀበሌ መዝጋቢ፣ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርና የስፖርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ የየድርሻቸውን ማወቅ ይጠበቅባቸዋል። የታዳጊዎች ምልመላ ሲካሄድ መዛግብቱን እርስ በርስ ማመሳከር፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር በጥንቃቄ መጻፍ፣ ለውድድር ሲባል የሚቀርብን "የዕድሜ ማስተካከያ" ጥያቄ ያለበቂ ማስረጃ አለመቀበል ቀላል የሚመስሉ ግን ወሳኝ ተግባራት ናቸው። በትክክል የተመዘገበ የልደት ቀን የታዳጊውን መብትም ሆነ የአገርን ስም ይጠብቃል። ይህ ሥራ የሚጀመረው ተጫዋቹ ኳስ ከመንካቱ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ሕፃኑ በተወለደ በ90 ቀናት ውስጥ ነው።