ኬንያ ቀደመችን?

በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ባወጣው ትንበያ የኬንያ ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት 132 ቢሊዮን ዶላር፣ የኢትዮጵያ ደግሞ 117 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተብሎ ተቀመጠ። ከኬንያ ጋር በሩጫ መፎካከር የለመደ ሕዝብ ዜናውን እንደ 10 ሺህ ሜትር ውጤት ቢያነበው አይፈረድበትም። ነገር ግን ገበሬው ማሳውን ጥሎ፣ ፋብሪካው በሩን ዘግቶ አልነበረም የተቀደምነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላርም በዓመቱ ከ130 ብር አለፈ። ያው ምርት ወደ ዶላር ሲለወጥ አነሰ። በመግዛት አቅም ተስተካክሎ ሲሰላ የኢትዮጵያ ጠቅላላ ምርት አሁንም ይበልጣል። ይህን ሰምቶ የሚጽናና ካለ ግን አይቸኩል፤ ምርቱ ለሕዝቡ ሲካፈል በሁለቱም ስሌት የኬንያዊው ድርሻ ከፍ ያለ ነው።

ጎረቤቶችን ማወዳደር የሚጠቅመው የኢኮኖሚውን፣ የማኅበራዊ ኑሮውንና የአካባቢውን መለኪያ ጎን ለጎን አስቀምጠን የማይስማሙበትን ቦታ ስንፈልግ ነው ባይ ነኝ። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው የሰብዓዊ ልማት ሪፖርት ኬንያ 0.628፣ ኢትዮጵያ 0.497 አግኝተዋል። በዚህ ብቻ ያየ ሰው ኬንያዊው በሁሉም ነገር የተሻለ ይመስለዋል። ቁጥሩን ፈታ አድርገን ስናየው ግን በሕይወት የመቆየት አማካይ ዕድሜ በኢትዮጵያ 67 ዓመት፣ በኬንያ 64 ዓመት ገደማ ነው። የግማሽ ያህል ገቢ ያለው ረዘም ላለ ጊዜ ይኖራል ማለት ነው። ኬንያን ኤች አይ ቪ ከእኛ ይልቅ ክፉኛ ጎድቷታል፤ በኛ በኩል ደግሞ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ክትባቱንና የእናቶችን ክትትል ደጃፍ ድረስ አድርሰዋል። ወደ ታች የሚጎትተን ትምህርት ነው። አንድ ኬንያዊ አዋቂ በአማካይ ከ8 ዓመት በላይ ተምሯል፤ ኢትዮጵያዊው ግን 3 ዓመት አይሞላም። ይህ መለኪያ የሚቆጥረው ከ25 ዓመት በላይ ያለውን ሰው ስለሆነ ዘንድሮ የተከፈተ ትምህርት ቤት ፍሬው በቁጥሩ ላይ የሚታየው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የዛሬው ዝቅታ የአያቶቻችንንና የወላጆቻችንን ዘመን ጭምር ይዟል፤ የዛሬው ቸልተኝነትም ለነገ ይቆየናል።

የአካባቢው መለኪያ ደግሞ ሊያስመሰግነን ይዳዳዋል። ከነዳጅ የሚወጣው የካርቦን ጋዝ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ኢትዮጵያ ከኬንያም በታች ናት፤ ኤሌክትሪኳም ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ለኬንያ ትሸጣለች። ታዲያ ወደ አንድ የከተማ ጓሮ ገባ ብሎ ማየት ነው። ቡና የሚፈላው፣ ወጥ የሚሠራው በከሰል ምድጃ ሲሆን የሚወጣው ጭስ «ከነዳጅ የወጣ ካርቦን» በሚለው ቁጥር ውስጥ የለም። ከሰሉ ዛፍ ነበር፤ ጭሱም የሚገባው ምድጃው አጠገብ ከተቀመጠችው ሴት ሳንባ ነው። በኢትዮጵያ በንጹሕ ኃይል የሚያበስለው ቤተሰብ ከአሥር አንድ አይሞላም፤ በኬንያ ወደ ሩብ ይጠጋል ወይም ያልፋል። ዝቅተኛ የካርቦን ቁጥራችን በከፊል ከግድቦቻችን፣ በከፊል ከድህነታችን የመጣ ነው።

ቁጥሮቹ ራሳቸው ይታመናሉ ወይ የሚል ሰው ይነሣል፤ እውነት አለው። ኢትዮጵያ ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ቆጥራ 47.6 ሚሊዮን አግኝታለች። ስለዚህ «በነፍስ ወከፍ» በተባለ ቁጥር የኛ አካፋይ ግምት ነው። የ67 እና የ64ን ልዩነት እኔም እንደ ድል አልቆጥረውም። የ3 እና የ8 ዓመት ትምህርት ልዩነት ግን በቆጠራ ስህተት አይዘጋም። በዚያ ላይ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሁለቱም አገር ቤት ለቤት እየዞረ በአመዛኙ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲጠይቅ ቆይቷል። ይህ ሁሉ ለድህነታችን ሰበብ መፈለግ ነው የሚል ቢኖር ግን ተሳስቷል፤ በዶላሩ ጫጫታ የተዋጠው የትምህርቱ ጉዳይ ከሁሉም የባሰ ዜና ነው።

የአህጉሩን ቁጥር የሚያሰባስበው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን ያለው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ነው። ከደጁ ብዙም ሳይርቅ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ፈርሳ ብዙ ነዋሪዎቿ ራቅ ወዳለው ገላን ጉራ ተዛወሩ። ግንባታው በአገር ውስጥ ምርት ይመዘገባል፤ አዲሱ ቤት የራሱ መጸዳጃና ቧንቧ ካለው የማኅበራዊ ኑሮው መለኪያም ከፍ ይላል፤ ይህም ተራ ነገር አይደለም። የተበተነው ዕድር፣ የቀረው የጉልት ደንበኛ፣ በታክሲ ሰልፍ የሚያልቀው ጠዋት ግን የሚገቡበት ዓምድ የለም። ዕድሩን በቁጥር መያዝ ይከብድ ይሆናል። ወደ ሥራ ለመድረስ የሚፈጀውን ሰዓትና የሚወጣውን ብር ግን አንድ ጥያቄ በቤት ለቤቱ ጥናት መጠይቅ ላይ ጨምሮ ማወቅ ይቻላል፤ ናይሮቢም ላይ እንደዚሁ።