በሸራ ሥር የሚያድረው እንግዳና የአንበሳሜ ገበያ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን ጎዳና ይዞ ሐሙሲት ላይ ወደ ቀኝ፣ ወደ እስቴ አቅጣጫ የታጠፈ መንገደኛ አንበሳሜን ያገኛል። የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ስሟ አንበሳን ቢያስታውስም በውስጧ የሚገኘው ገበያ ነው እንጂ አውሬ አይደለም። ይሁን እንጂ በኬንያና በቦትስዋና አንበሳ ለማየት በድንኳን የሚያድረው ባለጸጋ እንግዳ ጉዳይ የዚህን አውራጃ ነጋዴ በቀጥታ የሚነካ ነው።

«ሳፋሪ» የስዋሂሊ ቃል ሲሆን ትርጓሜው ጉዞ ማለት ነው። በዚህ ስም የሚጠሩት ሰፈሮች ከከተማ እጅግ የራቁ፣ ድንኳኖቻቸውም ጥቂት ናቸው፤ ብዙዎቹ ዘንድ የሚደረሰው በትንሽ አውሮፕላን ነው። ሸራውን ከሩቅ ያየ ሰው የድኻ ማደሪያ ይመስለዋል። ውስጡ ግን በእንጨት ርብራብ ላይ የቆመ እውነተኛ አልጋ፣ ንጹሕ አንሶላ፣ በእሳት ሞቆ ለመታጠቢያ በባልዲ የሚንጠለጠል ውኃ አለ። የአንድ ሌሊት ዋጋው በትልቅ ከተማ ከሚገኝ ጥሩ ሆቴል ይበልጣል። እንግዳው ይህን ሁሉ ገንዘብ የሚከፍለው ለሸራው አይደለም፤ ሌላ ሰው በማይታይበት ምድር ሳይራብና ሳይበርደው ስለሚያድር ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ባለቤት ዋና ሥራ አውሬ ማሳየት ሳይሆን ዕቃ ማድረስ ነው፤ አንዲት ሎሚ እንኳ ብትጎድል ከጎረቤት ሱቅ የምትገዛ አይደለችም።

በድንኳን መስፈር ለደብረ ታቦር አገር አዲስ ነገር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ በጋይንትና በዋድላ በኩል ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ ወራት የፈጀውን መንገድ ያደሩት በድንኳን ነበር። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ቀድሞ የንጉሥ ሰፈር ማለት ነበር።

ከዚህም በቅርብ ዘመን፣ ከወረታ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ወልድያ በሚወስደው ጎዳና፣ ጋይንትን አልፎ በሚገኘው በመቄት የተሠራው ሥራ በተለይ ሊታይ ይገባዋል። በ1996 ዓ.ም. ገደማ፣ ተስፋ በተባለው ድርጅት ረዳትነት፣ የመቄት ገበሬዎች ከገደል አፋፍ ላይ የእንግዳ ጎጆዎች ሠሩ። ቤቶቹ ድንኳን ሳይሆኑ በአገሩ ልማድ የተሠሩ የሣር ክዳን ጎጆዎች ናቸው፤ ነገር ግን አሠራሩ ከሳፋሪው ጋር አንድ ነበር። እንግዳው ጥቂት፣ ስፍራው ሩቅ ነው። ሻንጣው በአህያ ተጭኖ እንግዳው በእግሩ ከመንደር ወደ መንደር ይሄዳል፤ በገደሉ አፋፍ ጭላዳ ዝንጀሮ እያየ፣ ማታ በእሳት ዳር ይበላል። መሪው፣ ወጥ ሠሪዪቱና የአህያው ባለቤት የዚያው መንደር ሰዎች ሲሆኑ፣ ትርፉም የሚገባው ለማኅበሩ ነበር። እህሉ ዓመት ከዓመት ለማያደርሰው ለመቄት ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

እንግዲህ አስመጪውም ሆነ ባለሱቁ ሊመለከተው የሚገባው የወጪውን መዝገብ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰፈር ከውጭ የሚመጣው ጥሩ ሸራ፣ ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚሰጠው መሣሪያና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ነው። ይህ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ዓመታት ያገለግላል። በየሳምንቱ የሚገዛው ግን የፎገራ ሩዝ፣ የጉና ድንች፣ ማር፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ዶሮ ነው፤ ይህም ሁሉ በአካባቢው ይገኛል። በደጋው ብርድ፣ ከውጭ ከሚመጣ ብርድ ልብስ ይልቅ ከበግ ጠጉር የተሸመነ ባና ይሻላል፤ እንግዳውም ሲመለስ ሊገዛው ይፈልጋል። የሚያስቸግረው ዕቃው ስለሚጠፋ ሳይሆን በተባለው ቀንና በተባለው ጥራት ስለማይቀርብ ነው። ድንቹ ሳይለይ በአንድ ጆንያ፣ ማሩ ከነሰፈፉ የሚቀርብለት የሰፈር ኀላፊ፣ ወጪው ቢበዛም ከአዲስ አበባ ማስመጣትን ይመርጣል፤ ገንዘቡም ከአውራጃው ሳይገባ ይወጣል።

በ2012 ዓ.ም. የመጣው ወረርሽኝ፣ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ እስከ ነፋስ መውጫ የደረሰው ጦርነት፣ ደግሞም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የተነሣው ግጭት የእንግዳውን መንገድ በተከታታይ ዘግተውበታል። ሰላም የሌለበትን አገር ሩቅነት ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛ የለም። በአንበሳሜና በደብረ ታቦር ያለ ነጋዴ ይህን በእጁ ሊለውጠው አይችልም። ድንቹን በመጠኑ መለየት፣ ማሩን አጣርቶ በማሰሮ ማሸግ፣ የባናውን ሸማኔ በስሙ ማወቅ ግን እንግዳ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ሥራ አይደለም፤ የባሕር ዳር ሆቴሎችም ይህንኑ ይገዛሉ።