የፒክአፕ ባትሪ ሌሊቱን እንዳያልቅ፦ ከሞተር ቁልፍ ጋር የሚበራና የሚጠፋ ኤሌክትሪክ ከየት ይገኛል?

ከአትላንታ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ኖርክሮስ ከተማ፣ ፒክአፕ መኪና ለብዙዎች የዕለት እንጀራ ማግኛ ነው። በኢንተርስቴት 85 እና በቢውፎርድ ሀይዌይ ዳር ዕቃ የሚያደርሱ፣ ቤት የሚያድሱ፣ አትክልት የሚንከባከቡና የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች መሣሪያቸውን ጭነው ማልደው ይወጣሉ። ሰፊ ቁጥር ያላቸው ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በታላቁ አትላንታ አካባቢ እንዲህ ባለው ሥራ ለተሰማራ ሰው፣ ንጋት ላይ የማይነሣ ሞተር የአንድ ቀን ገቢ ማጣት ማለት ነው።

የባትሪ ማለቅ መንስኤ አንዳንድ ጊዜ ባትሪው ራሱ ሳይሆን በኋላ የተገጠመ ተጨማሪ ዕቃ ነው። የመንገድ ካሜራ፣ የስልክ ቻርጀር፣ የሥራ መብራት፣ ትንሽ ማቀዝቀዣ፣ የመገናኛ ሬዲዮ ከመኪናው ኤሌክትሪክ ጋር ይያያዛሉ። በጆርጂያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2018 ጀምሮ እያሽከረከሩ ስልክ በእጅ መያዝ በሕግ ስለተከለከለ፣ ስልክን በማቆሚያ ላይ አስቀምጦ ቻርጅ እያደረጉ መጓዝም የተለመደ ሆኗል። ጥያቄው እነዚህ ዕቃዎች ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከየትኛው መስመር ነው የሚለው ነው።

ሁለት ዓይነት መስመር

በመኪና ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ በጥቅሉ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ቁልፉ ቢነቀልም የማይቋረጥ፣ በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ቋሚ መስመር ነው። የበር መቆለፊያ፣ የአደጋ ጊዜ መብራትና የሰዓት ማስታወሻ የሚሠሩት በዚህ ነው። ሁለተኛው ቁልፉ ሲዞር ብቻ ኃይል የሚያገኝ፣ ቁልፉ ሲጠፋ የሚቋረጥ መስመር ነው። በጀርመን የመኪና ኤሌክትሪክ ደረጃ መሠረት ቋሚው መስመር «30»፣ በቁልፍ የሚታዘዘው «15»፣ ወደ መኪናው ብረት የሚሄደው የኔጌቲቭ መስመር ደግሞ «31» የሚል ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። እነዚህ ቁጥሮች በብዙ አገሮች በተሠሩ ዕቃዎች ላይ ይገኛሉ።

ልዩነቱን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ የመንገድ ካሜራ 0.4 አምፔር ቢወስድ፣ በ24 ሰዓት 9.6 አምፔር ሰዓት ይጠቀማል። መኪናው ሳይነሣ ቢቆም፣ 70 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በአንድ ሳምንት ገደማ ባዶ ይሆናል። ሞተሩን ለማስነሣት አቅም የሚያጣው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። 4 አምፔር የሚወስድ ማቀዝቀዣ ከሆነ ጉዳዩ የአንድ ሌሊት ነው፤ በ12 ሰዓት ውስጥ 48 አምፔር ሰዓት ይሄዳል። እንደ ጆርጂያ ባለ ሞቃት በጋ ባለበት አካባቢ ሙቀቱ የባትሪን ዕድሜ ስለሚያሳጥር፣ ያረጀ ባትሪ ይህን ጫና ለመሸከም ያለው አቅም ከዚህም ያነሰ ነው።

መስመሩን መፈለግ

አብዛኞቹ ፒክአፖች ሁለት የፊውዝ ሳጥን አላቸው፤ አንዱ በኮፈኖ ሥር፣ ሌላው በጋቢና ውስጥ ከዳሽቦርዱ በታች ወይም በጎን። የትኛው ፊውዝ የምን እንደሆነ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍና በሳጥኑ ክዳን ላይ ተጽፏል። ይሁንና ጽሑፉ ብቻውን በቂ ስላልሆነ፣ ትክክለኛው ማረጋገጫ የቮልት መለኪያ ነው።

መለኪያው በ20 ቮልት ዲሲ ላይ ይደረጋል። ጥቁሩ ጫፍ ቀለም በሌለው የመኪናው ብረት ላይ ያርፋል፣ ቀዩ ደግሞ በፊውዙ አናት ላይ በምትታየው ትንሽ ብረት ላይ። ቁልፉ ጠፍቶ ዜሮ፣ ቁልፉ በርቶ 12 ቮልት ያህል ካሳየ፣ የሚፈለገው መስመር ተገኝቷል ማለት ነው። ሁለቱም ጊዜ 12 ካሳየ ቋሚ መስመር ነው።

እዚህ ላይ መቸኮል ያሳስታል። በአንዳንድ የፎርድና የሼቭሮሌት ፒክአፖች፣ ቁልፉ ከጠፋ በኋላም በር እስኪከፈት ወይም አሥር ደቂቃ ያህል እስኪያልፍ ድረስ ለሬዲዮና ለመስኮት ኃይል ይቆያል። ስለዚህ መስመሩን «ቋሚ ነው» ብሎ ከመተው በፊት በር ከፍቶና ጥቂት ጠብቆ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። የሲጋራ ማቀጣጠያው ቀዳዳም በአንዱ መኪና ከቁልፉ ጋር የሚጠፋ፣ በሌላው የማይጠፋ ነው።

ሊነኩ የማይገባቸው መስመሮችም አሉ። የኤርባግ፣ የፍሬን መቆጣጠሪያ፣ የሞተሩ ኮምፒዩተርና የነዳጅ ፓምፕ ፊውዞች ለተጨማሪ ዕቃ አይመረጡም። በእነዚህ ላይ የሚፈጠር ስሕተት በጉዞ መሐል ሞተር ሊያጠፋ ወይም በአደጋ ጊዜ ሕይወት የሚያድነውን መሣሪያ ሊያሰናክል ይችላል። የተሻለው ምርጫ ቢቋረጥ ችግር የማያመጣ፣ ለምሳሌ የሬዲዮ ወይም የሲጋራ ማቀጣጠያ መስመር ነው።

አያያዙ

የመኪናውን ሽቦ ልጦ ከመቀጠል ይልቅ፣ በፊውዙ ቦታ የሚገባና ሁለት ፊውዝ የሚይዝ ማስቀጠያ መጠቀም ይመረጣል። አንዱ ፊውዝ የነባሩ፣ ሌላው የአዲሱ ዕቃ ይሆናል። ማስቀጠያው የሚገባበት አቅጣጫ ወሳኝ ነው። ፊውዙ ሲነቀል ከሚታዩት ሁለት ቀዳዳዎች ኃይል የሚመጣበት አንዱ ነው፤ ማስቀጠያውም ሁለቱ ፊውዞች ከዚያ ወገን በየራሳቸው እንዲመገቡ ሆኖ መግባት አለበት። ተገልብጦ ከገባ የአዲሱ ዕቃ ፍሰት በነባሩ ፊውዝ ውስጥ ስለሚያልፍ፣ የሁለቱን ጭነት አንዱ ይሸከማል።

ፊውዝ በመጀመሪያ የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ አረንጓዴው 30 አምፔር ያሳልፋል። የተቃጠለን ፊውዝ በከፍተኛ ቁጥር መተካት፣ ፊውዙ ከመቃጠሉ በፊት ሽቦው እንዲግል መፍቀድ ነው። የመኪና ቃጠሎ የሚነሣበት አንዱ መንገድም ይኸው ነው። በአሜሪካ ሽቦ ሲገዛ ደግሞ የጌጅ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው እንደሚወፍር ማስታወስ ይገባል።

ከባድ ጭነት ሲሆን

ዕቃው የሚወስደው ፍሰት ዋቱን ለቮልት በማካፈል ይገኛል። 120 ዋት የሆነ የሥራ መብራት በ12 ቮልት 10 አምፔር ይወስዳል። ይህን ያህል ጭነት ከሬዲዮ መስመር መሳብ አይገባም። በተለይ በአዳዲስ መኪኖች ብዙ መስመሮች በኮምፒዩተር ስለሚመሩ፣ ከልክ ያለፈ ጭነት መስመሩን ሊያዘጋው ይችላል።

መፍትሔው ሪሌ ነው። ከቁልፉ ጋር የሚበራው ቀጭን መስመር የሚያገለግለው ሪሌውን ለማዘዝ ብቻ ሲሆን፣ ለዚህም ከ0.2 አምፔር ያልበለጠ ፍሰት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ዋናው ኃይል ከባትሪው በወፍራም ሽቦ፣ ለባትሪው ቅርብ በሆነ ፊውዝ በኩል ይመጣል። በሪሌው ላይ 85 እና 86 የትእዛዙ፣ 30 ከባትሪ የሚገባው፣ 87 ወደ መብራቱ የሚወጣው ነው። አንዳንድ የሥራ ፒክአፖች፣ ለምሳሌ የፎርድ ሱፐር ዱቲ፣ ለተጨማሪ ዕቃ የተዘጋጁ ማብሪያና ማጥፊያዎችን ከፋብሪካው በአማራጭ ይዘው ይመጣሉ። እነዚህ ያሉት ባለ መኪና ሌላ መስመር መፈለግ ላያስፈልገው ይችላል።

በኢትዮጵያስ?

ይኸው አሠራር በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች ለሚሠሩ የቶዮታ ሃይሉክስና የአይሱዙ ዲማክስ ፒክአፖች ያገለግላል። በርካታ የጭነት መኪናዎች ግን ሁለት ባትሪ ተቀጣጥሎ 24 ቮልት ስለሚሰጣቸው፣ ለ12 ቮልት የተሠራ ዕቃ በቀጥታ ቢያያዝ ይቃጠላል። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ቁጥራቸው የጨመረው የኤሌክትሪክ መኪኖችም፣ ከትልቁ ባትሪ ሌላ ለመብራትና ለሬዲዮ የሚያገለግል የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው። ተጨማሪ ዕቃ የሚያያዘው ከዚህ መስመር ብቻ ነው። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች ለሞት የሚያደርስ ከፍተኛ ቮልት ስለሚያልፍባቸው፣ ሥልጠና የሌለው ሰው ሊነካቸው አይገባም።

ሥራው ሲጠናቀቅ አንድ የመጨረሻ ፍተሻ ይቀራል። ቁልፉ ጠፍቶ፣ በሮቹ ተዘግተው፣ መኪናው አንድ ሰዓት ያህል ካረፈ በኋላ ከባትሪው የሚወጣው ፍሰት ይለካል። ለአብዛኞቹ መኪኖች ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ከሆነ ደኅና ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ የማይጠፋ ነገር አለ ማለት ነውና፣ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ የትኛው ሲነቀል ቁጥሩ እንደሚወርድ ማየት ጥፋቱ ያለበትን መስመር ያሳያል።