የዳታቤዝ ሴሽን ጠባቂ፦ ሜተድ ኢንተርሴፕተር ምንድን ነው?

አንድ ሰው ከባንክ ሂሳቡ 1,000 ብር ለእህቱ ሲልክ ስልኩ ላይ የሚያየው አንድ አጭር መልእክት ነው። በባንኩ ዳታቤዝ ውስጥ ግን ቢያንስ ሁለት ሥራዎች ይከናወናሉ፤ ገንዘቡ ከላኪው ሂሳብ ይቀነሳል፣ በተቀባይዋ ሂሳብ ላይ ይደመራል። የመጀመሪያው ተፈጽሞ ሁለተኛው ቢቀር 1,000 ብሩ ከሁለቱም እጅ ይወጣል። ስለዚህ ሁለቱ ወይ አብረው ይጸናሉ፣ ወይ አብረው ይሰረዛሉ። እንዲህ ያለው የማይነጣጠል የሥራ ጥቅል ትራንዛክሽን ይባላል። ጥቅሉን ማጽናት ኮሚት፣ መሰረዝ ደግሞ ሮልባክ ይባላል።

ፕሮግራሙ ይህን ሥራ የሚሠራው ሴሽን በሚባል ነገር አማካኝነት ነው። ሴሽን ፕሮግራሙ ለአንድ ሥራ ያህል ከዳታቤዝ ጋር የሚኖረው የንግግር ጊዜ ነው። በጃቫ ቋንቋ ለሚጽፉ ፕሮግራመሮች የታወቀውን ሃይበርኔት የተባለ የዳታቤዝ መሣሪያ እንውሰድ። የሃይበርኔት ሴሽን ከዳታቤዝ ያመጣቸውን ኦብጀክቶች፣ ማለትም መረጃንና የሚሠራበትን ኮድ አንድ ላይ የያዙ ነገሮችን፣ ያስታውሳል፣ የትኛው እንደተለወጠ ይከታተላል፣ ለውጡንም በመጨረሻ ወደ ዳታቤዝ ይጽፋል። ሁለት ሥራዎች በአንድ ጊዜ እንዲጋሩት ተደርጎ አልተሠራም፤ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ሴሽን ያስፈልገዋል።

ሴሽን ሲሠራ ከዳታቤዝ ጋር የተከፈተ ግንኙነት ይይዛል፤ ግንኙነት ደግሞ በቁጥር የተወሰነ ሀብት ነው። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ቅንብሩ ካልተቀየረ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው 100 ግንኙነት ነው። ግንኙነቶችን እያጠራቀመ የሚያከፋፍለው ሂካሪ የተባለ የጃቫ መሣሪያም እንዲሁ ካልተቀየረ ከ10 በላይ አይዝም። አሥሩ ተወስደው ካልተመለሱ የሚቀጥለው ጠያቂ 30 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ከዚያም ጥያቄው ይወድቃል።

እንግዲህ ፕሮግራመሩ ዳታቤዝ በነካ ቁጥር የሚጠበቅበት ግዴታ አለ። ሴሽን መክፈት፣ ትራንዛክሽን መጀመር፣ ሥራውን መሥራት፣ ከተሳካ ማጽናት፣ ካልተሳካ መሰረዝ፣ በሁለቱም ሁኔታ ሴሽኑን መዝጋት አለበት። ዋናው ሥራ ሁለት መስመር ሆኖ በዙሪያው ያለው ሥርዓት አሥር መስመር የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ዳታቤዝ የሚነኩ ሃምሳ ሜተዶች፣ ማለትም በስማቸው የሚጠሩ የኮድ ክፍሎች፣ ካሉ ይኸው ሥርዓት ሃምሳ ጊዜ ይገለበጣል። ከሃምሳው በአንዱ መዝጋቱ ከተረሳ ችግሩ ወዲያው አይታይም፤ ጎልቶ የሚወጣው ተጠቃሚ በበዛበት ቀን ነው።

ለመፍትሔው መሠረት የሆነው ሐሳብ የተወለደው ካሊፎርኒያ በሚገኘው ዜሮክስ ፓርክ በተባለ የምርምር ማዕከል ነው። ግሬጎር ኪክዛሌስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባቀረቡት ጽሑፍ አንዳንድ ሥራዎች በአንድ ክላስ፣ ማለትም ኦብጀክቶች በሚሠሩበት ንድፍ፣ ውስጥ ተሰብስበው እንደማይቀመጡ፣ ይልቁንም የፕሮግራሙን ክፍሎች ሁሉ እያቋረጡ እንደሚያልፉ አሳዩ። እነዚህን ሥራዎች ለይቶ በአንድ ቦታ የመጻፍ ስልት አስፔክት-ተኮር ፕሮግራሚንግ ተባለ። በ2000 የወጣው ጃቫ 1.3 ሜተዶችን በመካከል ሆኖ የሚቀበል ወኪል ኦብጀክት፣ ማለትም ፕሮክሲ፣ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ መፍጠርን አስቻለ። በ2001 ጋቪን ኪንግ ሃይበርኔትን ጀመረ። ሮድ ጆንሰን በ2002 ካሳተመው መጽሐፍ ኮድ ያደገው ስፕሪንግ የተባለ የጃቫ ማዕቀፍ ደግሞ በመጋቢት 2004 የመጀመሪያ ሙሉ እትሙን አወጣ። በስፕሪንግ ውስጥ የሃይበርኔትን ሴሽን እየከፈተ የሚዘጋ የተዘጋጀ ኢንተርሴፕተር ነበረ።

ሜተድ ኢንተርሴፕተር በጠሪውና በሚጠራው ሜተድ መካከል የሚቆም ኮድ ነው። በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሠራተኛው ዕቃ ከግምጃ ቤት ሲወስድ የሚመዘግበውም፣ ሲመልስ የሚረከበውም የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነው፤ ሠራተኛው ሐሳቡ ሁሉ በሥራው ላይ ይሆናል። ኢንተርሴፕተርም ለሜተዱ ይህን ያደርግለታል።

አሠራሩን በገንዘብ ማስተላለፉ ምሳሌ እንከተል። «አስተላልፍ» የሚል ሜተድ ያለው ኦብጀክት አለ እንበል። ስፕሪንግ ለጠሪው የሚሰጠው ኦብጀክቱን ራሱን ሳይሆን ፕሮክሲውን ነው። ጠሪው «አስተላልፍ» ሲል ጥሪው መጀመሪያ ኢንተርሴፕተሩ ዘንድ ይደርሳል። ኢንተርሴፕተሩ ሴሽን ከፍቶ ያንን ጥያቄ ከሚያስተናግደው ትሬድ ጋር ያስረዋል፤ ትሬድ ማለት ኮዱ ተራ በተራ የሚፈጸምበት የሥራ መስመር ነው። ትራንዛክሽኑን ይጀምርና «ፕሮሲድ» በሚባለው ትእዛዝ ዋናውን ሜተድ ያስኬዳል። ሜተዱ በሰላም ከተመለሰ ያጸናል። ኤክሴፕሽን፣ ማለትም የስህተት ምልክት፣ ከተነሣ ይሰርዛል። በየትኛውም መንገድ ሴሽኑን ይዘጋል።

ሌላም ጠቃሚ ባሕርይ አለው። «አስተላልፍ» በውስጡ «ደረሰኝ መዝግብ» የሚል የሌላ ኦብጀክት ሜተድ ቢጠራ ኢንተርሴፕተሩ በትሬዱ ላይ የተከፈተ ሴሽን መኖሩን ያያል፤ ስለዚህ አዲስ ሳይከፍት በዚያው ያስቀጥለዋል። የሚያጸናውም የሚዘጋውም መጀመሪያ የከፈተው የውጭኛው ጥሪ ነው። ደረሰኙና ገንዘቡ በዚህ ምክንያት አብረው ይጸናሉ ወይም አብረው ይሰረዛሉ።

በ2004 የወጣው ጃቫ 5 አኖቴሽን የተባለውን ምልክት በኮድ ላይ ለመለጠፍ ስላስቻለ አጠቃቀሙ ይበልጥ ቀለለ። ዛሬ ፕሮግራመሩ ከሜተዱ በላይ «ትራንዛክሽናል» የሚል አኖቴሽን ይጽፋል፤ የቀረውን ኢንተርሴፕተሩ ይሠራዋል።

መሣሪያውን በሚገባ ለመጠቀም ግን አራት ነገሮችን ማወቅ ይገባል። አንደኛ፣ ኢንተርሴፕተሩ የሚያየው በፕሮክሲው በኩል የመጣን ጥሪ ብቻ ነው፤ አንድ ኦብጀክት የራሱን ሜተድ ከውስጥ ሲጠራ ያልፈዋል። ሁለተኛ፣ ፕሮክሲው የክላሱ ወራሽ ሆኖ ሲሠራ «ፋይናል» የተባለን ሜተድ ሊተካ ስለማይችል ጥበቃው እዚያ አይደርስም። ሦስተኛ፣ ስፕሪንግ ቅንብሩ ካልተቀየረ ፕሮግራመሩ እንዲይዛቸው ወይም በሜተዱ ላይ እንዲያሳውቃቸው ጃቫ በሚያስገድድባቸው «ቼክድ» ኤክሴፕሽኖች ምክንያት ትራንዛክሽን አይሰርዝም፤ መሰረዝ ካለበት በግልጽ መነገር አለበት። አራተኛ፣ ሃይበርኔት አንዳንድ መረጃዎችን እስኪፈለጉ ድረስ ሳያመጣ ያቆያል፤ ሴሽኑ ከተዘጋ በኋላ ቢጠየቁ ስህተት ይነሣል። ስለዚህ የሚያስፈልገው መረጃ ሁሉ ሜተዱ ከማለቁ በፊት መምጣት አለበት።

የዚህ አሠራር ዋጋ የሚታየው ኮዱ ሲነበብና ሲጠገን ነው። «አስተላልፍ» የሚለውን ሜተድ የከፈተ ሰው የሚያነበው ስለ ገንዘብ ማስተላለፍ ብቻ ነው። ሜተዱን ያለ ዳታቤዝ ለመፈተን የሴሽን አከፋፈቱና አዘጋጉ እንቅፋት አይሆንም። የአከፋፈቱ ደንብ ቢቀየር የሚታረመው አንድ ቦታ እንጂ ሃምሳ ቦታ አይደለም። ከሁሉ በላይ፣ ፈጽሞ መረሳት የሌለበት ግዴታ በሰው ትዝታ ላይ ሳይጣል በኮድ ይጠበቃል።

ይህን ለመማር የምትፈልጉ ጀማሪዎች ከአኖቴሽኑ አትጀምሩ። መክፈቱን፣ ማጽናቱን፣ መሰረዙንና መዝጋቱን መጀመሪያ በእጃችሁ ጻፉት፤ ቀጥሎ ያንኑ ሥራ የምትሠራ ትንሽ ኢንተርሴፕተር ራሳችሁ ሥሩ። አኖቴሽኑ ከበስተጀርባ የሚሠራውን ያወቀ ፕሮግራመር ጥበቃው ያልደረሰበትን ቦታ ለይቶ ማግኘት ይችላል።