የመኪና ሰስፔንሽን ዝቅ ማድረግ (በአራቱም ጎማ በሚነዱ መኪኖች)

የመኪና ሰስፔንሽን ዝቅ ማድረግ ማለት የመኪናውን አካል ወደ መንገዱ ለማቅረብ ሞላዎቹን አጠር ባሉ ወይም ከፍታቸው በሚስተካከል ሞላዎች መተካት ነው። ቴክኒካዊ ዓላማው የክብደት ማዕከሉን በማውረድ በኩርባ ላይ ወደ ውጨኛው ጎማ የሚዛወረውን ጭነት መቀነስ ነው። ብዙዎች ግን የሚያደርጉት ለመልክ ነው።

ኃይል ለአራቱም ጎማ በሚደርስበት መኪና ሥራው ይወሳሰባል። ለምሳሌ በሱባሩ ኢምፕሬዛ ካምቢዮውና የኋላው ዲፈረንሻል ከአካሉ ጋር የታሰሩ ናቸው። አካሉ 30 ሚሊሜትር ሲወርድ ጎማ የሚያሽከረክሩት 4 አጫጭር ዘንጎች ውስጠኛ ጫፋቸው አብሮ ይወርዳል፤ ውጨኛው ጫፍ ግን ከጎማው ጋር ባለበት ይቀራል። አንግሉ ከበዛ መጋጠሚያዎቹ ይሞቃሉ፣ ቅባቱን የሚሸፍነው ላስቲክም ቶሎ ይቀደዳል። ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅሙ ዘንግ ሁለቱም ጫፎቹ እኩል ስለሚወርዱ አይነካም። እንደ ቶዮታ ላንድክሩዘር 70 ባለ ድፍን አክስል መኪና ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ አንግሉ የሚለወጠው የረጅሙ ዘንግ ነው።

«ዝቅ ያለ መኪና ሁልጊዜ መንገድ ይይዛል» የሚለው እምነት ግማሽ እውነት ነው። አካሉ በኩርባ ላይ የሚያዘነብለው በአንድ ምናባዊ ነጥብ ዙሪያ ሲሆን፣ ይህ ነጥብ የማዘንበል ማዕከል ይባላል። ማክፈርሰን በሚባለው የሰስፔንሽን ዓይነት መኪናው ሲወርድ የታችኛው ክንድ አቅጣጫ ስለሚለወጥ፣ የማዘንበል ማዕከሉ ከክብደት ማዕከሉ የበለጠ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ስለሚሰፋ መኪናው ከበፊቱ ይበልጥ ሊያዘነብል ይችላል። ይህ የማይታየው አዲሱ ሞላ ጠንካራ ስለሆነ ነው።

ሌላው ጉዳይ የጎማ አለባበስ ነው። ዝቅ ሲል ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ የጎማዎቹ አሰላለፍም ይዛባል፤ ስለዚህ ከሥራው በኋላ አላይመንት ግዴታ ነው። ካልተሠራ የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል አያልቁም። የ1 ሚሊሜትር የጥርስ ልዩነት የጎማውን ዙሪያ በ6.3 ሚሊሜትር ገደማ ይለውጣል። 205/55 አር16 ጎማ በ1 ኪሎሜትር ወደ 500 ጊዜ ስለሚዞር ልዩነቱ በኪሎሜትር 3 ሜትር ያህል ይሆናል። በፊት ጎማ ብቻ በሚነዳ መኪና ይህ እምብዛም አይጎዳም። በኢምፕሬዛው የእጅ ማርሽ ካምቢዮ ግን መካከለኛው ዲፈረንሻል በሲሊኮን ፈሳሽ የሚሠራ ማያያዣ ስላለው፣ ቀጥታ መንገድ ላይም ሳያርፍ እየተፋተገ ይሞቃል።

ርካሹ መንገድ ሞላውን መቁረጥ ነው፤ አይመከርም። ከ6 ጥምጥም አንዱ ሲቆረጥ ሞላው በ20 በመቶ ይጠነክራል፣ ጫፉ ግን በመቀመጫው ላይ በትክክል አያርፍም፤ ጎማው ተንጠልጥሎ ሲወርድ ከቦታው ሊወጣ ይችላል። በእሳት ማሞቅ ደግሞ ብረቱን ያልመዋል።

ትክክለኛው ከፍታ በመንገዱ ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ1997 ኮሊን ማክሬ በኢምፕሬዛ የኬንያውን ሳፋሪ ራሊም የኮርሲካውን ራሊም አሸንፏል፦ በኬንያ ድንጋይ ላይ ከፍ ባለ፣ በኮርሲካ አስፋልት ላይ ዝቅ ባለ ሰስፔንሽን።