እባቡ ተቆጥቶ ነው ወይስ ፈርቶ?

በእኛ አገር እባብ ቤት ገባ ሲባል ጎረቤት ሁሉ ዱላ ይዞ ይሰበሰባል እንጂ ውሃ አቅርቦ፣ አልጋ አንጥፎ የሚያሳድገው ማን አለ? በአሜሪካና በአውሮፓ ግን እባብ እንደ ድመትና እንደ ወፍ በሱቅ የሚሸጥ የቤት እንስሳ ነው። ኑሯቸውን በዚያ ያደረጉ እናቶቻችንም አንድ ቀን ልጃቸው ከትምህርት ቤት መልስ «እባብ ግዙልኝ» ሲላቸው የሚይዙት የሚጨብጡት ይጠፋቸዋል።

ባለፈው ዓመት ታናሽ እኅቴን ለመጠየቅ በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት ወደምትገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ በሄድሁ ጊዜ ያጋጠመኝ ይኸው ነበር። እኅቴ የሌሊት ተራ የምትሠራ እናት ናት። የ13 ዓመት ልጇ ባጠራቀመው ገንዘብ የገዛውን እባብ በመስታወት ሣጥን አድርጎ በልብስ ማጠቢያው መኪና አጠገብ ያሳድጋል። እኔማ የመጀመሪያውን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ጠዋት የወደቀ ቀበቶ ረግጬ መጮኼን ሳልደብቅ እናገራለሁ።

በሦስተኛው ቀን ልጁ ጣቱን በፕላስተር ጠቅልሎ አየሁት። «ምን ሆነህ ነው?» ብለው «በር ቆንጥጦኝ ነው፣ አክስቴ» አለኝ። እናቱ ከሥራ ስትመለስ ፕላስተሩን ፈትታ ብታየው በተርታ የተሰካኩ ጥቃቅን የጥርስ ምልክቶች አገኘች። ነገሩ ከሆነ አራት ቀን አልፎታል። የደበቀው እባቡ እንዳይጣልበት ነው። እኅቴም ወደ ማድ ቤት ጠርታኝ፣ «እትዬ፣ ነገ ትምህርት ቤት ሲሄድልኝ ወስጄ ለባለ ሱቁ እመልሰዋለሁ። ሲመጣ አመለጠ እለዋለሁ» አለችኝ።

እኔ እባብ አልወድም። ነገር ግን ቁስሉን ከእናቱ የሚደብቅ ልጅና ልጇን ለማታለል የምትዘጋጅ እናት በአንድ ጣሪያ ሥር ሳይ ከእባቡ ይልቅ ይህ አስፈራኝ። አንድ ጊዜ የእንስሳት ሐኪም ሳታነጋግሪ ምንም አታድርጊ ብዬ ለመንኋት። ከሐኪሙ የሰማነው እንዲህ ያለ ችግር ለገጠማት እናት ሁሉ የሚጠቅም ስለሆነ እጽፈዋለሁ።

እባቡ ቦል ፓይተን የሚባል ትንሽ የዘንዶ ዘር ነው። ቦል ማለት ኳስ ነው፤ ሲፈራ ራሱን በመካከል ሸሽጎ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል የወጣለት ስም ነው። የትውልድ ምድሩ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ሣራማ አገር ነው። መርዝ የለውም፤ ካደገ በኋላም ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል አያልፍም። ዕድሜው ግን ረጅም ነው፤ በሰው እጅ 20 እና 30 ዓመት ይኖራል። በሴንት ሉዊስ ከተማ የአራዊት ማሳያ የነበረች አንዲት የዚህ ዘር እባብ ከ60 ዓመት ዕድሜ በላይ ሆና፣ ቢያንስ ለ15 ዓመት ወንድ ሳይቀርባት፣ በ2020 እ.ኤ.አ. 7 እንቁላል ጥላለች። እኅቴ ይህን ስትሰማ «ልጄ አግብቶ ሲወጣ እባቡ ለእኔ ሊቀር ነው በለኛ!» አለች። አነጋገሯ ቀልድ ቢመስልም እባብ ለመግዛት የሚያስብ ቤተሰብ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ገራም እንስሳ ከሣጥኑ ውስጥ ለምን ይናደፋል? ሐኪሙ ሁለት ምክንያት ነገረን፤ አንዱ ረሃብ ነው፣ ሁለተኛው ፍርሃት። እባብ የውጭ ጆሮ የለውም። አካባቢውን የሚያውቀው በምላሱ ሽታ እየለቀመና የመሬቱን ንዝረት እየሰማ ነው። በዚህ ላይ ቦል ፓይተን በከንፈሩ ላይ ሙቀት የሚለዩ ትናንሽ ጉድጓዶች አሉት። የአይጥ ሽታ ያለበት የሞቀ እጅ ወደ ሣጥኑ ሲገባ ለእርሱ እጅ አይደለም፤ አይጥ ነው። እጁ ከላይ ወደ ታች ከመጣ ደግሞ ጭልፊት ነው።

ሁለቱን መለየት ይቻላል። የራበው እባብ ራሱን ቀና አድርጎ፣ ምላሱን እያወጣ ወደ እጅ ይጠጋል። የፈራው ግን ወደ ኋላ ይሸሻል፣ አንገቱን ያጥፋል፣ እስስ እያለ ይተነፍሳል ወይም ይጠቀለላል። ልጁ ሲጠየቅ ለካስ የተነከሰው አይጥ ካበላው በኋላ እጁን ሳይታጠብ የውሃውን ሳሕን ሊያቃና ሲል ነው! ክዳኑንም የሚከፍተው ለማብላት ብቻ ስለነበር እባቡ ክዳን ሲነሣ ምግብ መጣ ማለትን ለምዷል። የልብስ ማጠቢያው መኪና ንዝረት ደግሞ ቀን ከሌት ያስደነግጠዋል። መሸሸጊያውም አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ሰፊ።

መድኃኒቱ ቀላል ሆነ። ሣጥኑ ጸጥ ወዳለ ክፍል ተዛወረ። አንዱ ወገን እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሞቅ፣ ሌላው እስከ 26 ዲግሪ እንዲቀዘቅዝ ተደረገና በሁለቱም ወገን ሰውነቱ ልክ የሚገባበት ጠባብ መሸሸጊያ ተቀመጠ። ለአንድ ሳምንት ማንም አልነካውም። ከዚያ ወዲያ ልጁ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ እባቡን በተጠቀለለ ወረቀት ጎኑን ቀስ ብሎ ይነካዋል። ይህ «የመጣሁት ላበላህ አይደለም» ማለት ነው። ረጋ ሲል ከጎን በኩል እጁን አስገብቶ ወገቡን በሁለት እጅ ደግፎ ያነሣዋል፤ አንገቱን አይጨብጥም። መጀመሪያ 5 ደቂቃ፣ ኋላ 10 ደቂቃ። በበላ በሁለት ቀን ውስጥና ቆዳውን ሊጥል ዓይኑ ሲደፈርስ አይነካም። ነክሶ ቢይዝ ደግሞ ጥርሱ ወደ ኋላ የታጠፈ ስለሆነ እጅን መንጠቅ ቁስሉን ያሰፋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስበት ይለቃል።

እኅቴን ያስቆጣት ግን ሌላ ነገር ነበር። የበረደው አይጥ በማቀዝቀዣው ውስጥ ከበርበሬው ጎን በፌስታል ተቀምጦ ተገኘ። በዚህስ ሐኪሙ ከእርስዋ ጋር ነው። እባብ፣ እንሽላሊትና ኤሊ ጤነኛ መስለው ሳልሞኔላ የሚባለውን የተቅማጥ ተሕዋስ ይሸከማሉ፤ በረዶም አይገድለውም። የአሜሪካ መንግሥት ከ10 ሳንቲ ሜትር ያነሱ ኤሊዎች ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጡ በ1975 እ.ኤ.አ. የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ አይጡ ለብቻው ይቀመጥ፤ የእባቡ ሳሕን በማድ ቤት አይታጠብ፤ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ከ5 ዓመት በታች ሕፃን ባለበት ቤት ግን እባብ ባይገባ ይሻላል።

አንባቢዎቻችን ይህን ሁሉ በአገር ቤት ለሚያጋጥማቸው እባብ እንዳይሞክሩት አደራ እላለሁ። በሜዳችን እፉኝትን የመሰለ መርዘኛ አለ። ልጆች እንዳይነኩት፣ እንዳይቀርቡት ማስተማር ነው። የተነደፈም ሰው ቁስሉ አይበጣ፣ አይመጠጥ፣ አይታሰር፤ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ ሳያንቀሳቅሱ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።

ለመመለስ በተነሣሁበት ዋዜማ ልጁ እባቡን በእጁ ይዞ ሳሎን ተቀምጦ ነበር። እኅቴ ከበሩ አልፋ አልቀረበችም፤ እስከ ዛሬም እንደማትነካው በስልክ ነግራኛለች። በሣጥኑ ክዳን ላይ ግን አንድ ወረቀት ተለጥፏል። አሜሪካ የተወለደው ልጅ እናቱ ከሌሊት ሥራ ስትመለስ እንድታነበው ብሎ በተንጋደደ የአማርኛ ፊደል የጻፈው ነው። «እማዬ ዛሬ በልቷል። እስከ ሐሙስ አልነካውም» ይላል።