ቦክስና የልጆቻችን አንጎል



ልጅዎ ቦክስ ልማር ብሎዎታል? ስፖርት ለጤና ጥሩ ነው፤ በቦክስ ግን ዋናው ዒላማ ጭንቅላት ነው። ቡጢ ሲያርፍ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ይናጣል። ገና በማደግ ላይ ያለ የልጅ አንጎል ደግሞ ለማገገም ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። የራስ መከላከያ ቆብም ቁስልን ቢቀንስ እንጂ መናጡን አያስቀርም። በመሆኑም የአሜሪካና የካናዳ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራት በ2011 እ.ኤ.አ. ልጆችና ታዳጊዎች ቦክስ እንዳይጫወቱ መክረዋል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ፊትን መምታት ከልክለዋል።

የተመታ ልጅ ራስ ምታት ከበረታበት፣ ካስመለሰው ወይም ከደነዘዘ ማስታገሻ ገዝቶ ማስተኛት አደገኛ ነው። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን የደም መፍሰስን ሊያባብሱ ይችላሉ። ከጀጎልም ሆነ ከውጪው ከተማ፣ ሳይዘገዩ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ያድርሱት። ሐኪም ሳይፈቅድም ወደ ልምምድ አይመለስ።

ሩጫና ገመድ ዝላይ ያለ ቡጢ ያጠነክሩታል። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ አሚን!